አንዳች እንዳይጠፋ



ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ሁሉ እንዲሰበስቡ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፣12-13)። እንጀራን ማብዛት የሚችል ጌታ ቁርስራሹን አልናቀም። እኛስ አገልግሎ ያለቀውን ነገር እንዴት እንይዘዋለን?

የሊቲየም-አዮን ባትሪ ዛሬ በየቤታችን አለ፤ በስልካችንና በፀሐይ ኃይል በሚሞላው መብራት ውስጥ ይገኛል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ተጭኖ ይመጣል። በብዙዎቹ ባትሪዎች ውስጥ ኮባልት አለ። ከዓለም የኮባልት ምርት ከግማሽ የሚበልጠው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ የሚወጣ ሲሆን፣ በዚያ በእጅ በሚቆፈሩ ጉድጓዶች ሕፃናት ሳይቀሩ ይደክማሉ። ኮባልቱም፣ ኒኬሉም፣ መዳቡም በፋብሪካ ተለይቶ ለአዲስ ባትሪ ሊያገለግል ይችላል። እንዲሁ ስንጥለው ግን የእነዚያን ልጆች ላብ አብረን እንጥላለን።

«ጣልነው» ስንል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ለሌላው ሰው ግን ያን ጊዜ ይጀምራል። ባትሪው ሲቀጠቀጥ ወይም ሲበሳ በውስጡ ኮንታክት ፈጥሮ ይግላል፣ ይቀጣጠላል፤ ጢሱም መርዛም ነው። ይህ አደጋ የሚያገኘው ቆራሌውንና በቆሻሻ ክምር ላይ የዕለት እንጀራውን የሚፈልገውን ድኻ ነው። በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ሲሞቱ፣ የጣልነው ነገር በማን ራስ ላይ እንደሚወድቅ አይተናል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድርንና የድኾችን ጩኸት ለይተን እንዳንሰማ አሳስበውናል።

ስለዚህ ያረጀውን ባትሪ ከቤት ጥራጊ ጋር አንቀላቅለው፤ እሳት ውስጥም አንጨምረው፤ አንብሳው፣ አንፍታው። ያበጠውን ዳግመኛ ቻርጅ አናድርግ። ጫፎቹን በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፍነን፣ ከአልጋና ከምድጃ በራቀ ደረቅ ስፍራ ለብቻው እናኑር፤ ከዚያም አያያዙን ለሚያውቅና ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ እናስረክብ። ከብረታ ብረት ጋር ደባልቀን፣ ምንም ሳንናገር ለቆራሌው መሸጥ ባልንጀራን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። መምህራን ሆይ፣ ባትሪ እየፈለቀቁ የሚጫወቱትን ሕፃናት አስተምሩልን።

ቁርስራሹን ያስሰበሰበ ጌታ፣ እኛ የጣልነውን ለሚያነሣው ወንድማችን የሚራራ ልብ ይስጠን። አሜን።