ስለ ሌላ ሕዝብ መማር የፍቅር ሥራ ነውን?

እግዚአብሔርንና ባልንጀራን መውደድ የሕግ ሁሉ ማሰሪያ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ልጆቻችንንም እናስተምራለን። ነገር ግን የማናውቀውን እንዴት እንወድዳለን? ባልንጀራችን አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ሕዝብ በሚሆንበት ጊዜስ ቋንቋውን፣ ታሪኩንና ሐዘኑን መማር ከፍቅር ግዴታ ይቆጠራልን? ወይስ ይህ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ሥራ ነው?

ይህን ለመመርመር በልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች «የአየርላንድ ጥናት» እየተባለ የሚሰጠውን ትምህርት ምሳሌ አድርገን እንመልከት። አየርላንድ በአውሮፓ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ሆኖም ቋንቋዋን፣ ሥነ ጽሑፏንና ታሪኳን የሚያጠኑ መምህራን ከአሜሪካ እስከ ጃፓን፣ ከቤልጅግ እስከ ብራዚል ይገኛሉ። የዚህ ትምህርት ሥሩ በገዳማት የተተከለ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ለካቶሊካውያን ሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እንደ ቅዱስ ኮሉምባኖስ ያሉ የአየርላንድ መነኰሳት አገራቸውን ትተው በአውሮፓ ገዳማትን መሠረቱ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት መነኰሳት በላቲን መጻሕፍት መስመሮች መካከልና በኅዳጎቻቸው ላይ በገዛ ቋንቋቸው በአይሪሽ ጥቃቅን ማብራሪያዎችን ይጽፉ ነበር። በጀርመን አገር በዊርዝቡርግ የሚገኙት ማብራሪያዎች የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት፣ በሚላኖ የሚገኙት ደግሞ የመዝሙረ ዳዊትን ትርጓሜ የሚያፍታቱ ናቸው። መነኰሳቱ ይህን ያደረጉት ቃለ እግዚአብሔርን ለመረዳትና ለማስረዳት እንጂ ለቋንቋቸው ሐውልት ለማቆም አልነበረም። ከአንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ ግን ዮሐን ካስፓር ዞይስ የተባለ የባቫርያ መምህር እነዚህን ማብራሪያዎች በትዕግሥት መርምሮ በ1853 የኬልት ቋንቋዎችን ሰዋስው በላቲን አሳተመ። የዘርፉ ሳይንሳዊ ጥናት የቆመው በዚህ መጽሐፍ መሠረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሊቅ የቃላቱን ሥር በሚመረምርበት ዘመን ቃላቱን በአፋቸው የሚናገሩት ድሆች በረሃብ ያልቁ ነበር። ከ1845 እስከ 1852 የድንች ሰብል በበሽታ ደጋግሞ በመጥፋቱ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ዝቅ አለ። መከራው የጸናው አይሪሽ ቋንቋ በሚነገርበት በምዕራቡ ክፍል ነበር። ሊቁን በዚህ አንወቅሰውም፤ ሥራው መልካም ነበርና። ነገር ግን የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ማወቅና ለሕዝቡ ባልንጀራ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የወደቀውን ቁስለኛ ካህኑም ሌዋዊውም አይተውታል፤ ማየታቸው ግን ባልንጀሮቹ አላደረጋቸውም።

ታዲያ ዕውቀት ፍቅር የሚሆነው እንዴት ነው? የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፍት ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ተከራክረዋል። በ1938 የተመሠረተው «የአየርላንድ ታሪክ ጥናት» የተባለው መጽሔት ዓላማ ታሪክን ከተረትና ከቂም አጥርቶ በሰነድ ላይ ማቆም ነበር። ይህ ዓላማ የሚመሰገን ነው፤ በሐሰት ላይ የተገነባ የሕዝብ ፍቅር ውሎ አድሮ ጥላቻን ይወልዳልና። ይሁን እንጂ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የማሪስት ማኅበር ካህን አባ ብሬንደን ብራድሾ በ1989 በዚያው መጽሔት ብርቱ ትችት አቀረቡ። ከስሜት ነጻ ነኝ የሚል የታሪክ አጻጻፍ የሕዝቡን ታላቅ መከራ አሳንሶ ወይም ዘልሎ ያልፋል፤ በመሆኑም ሙሉውን እውነት አይናገርም አሉ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ እንባ ዓይንን ይጋርዳል ብለው ተቃወሟቸው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። የሞቱትን መቍጠር ያስፈልጋል፤ ቍጥርን ማጋነንም ሙታንን ማክበር አይደለም። ነገር ግን እናት ልጇን በመንገድ ዳር የቀበረችበትን ዘመን እንደ ገበያ ዋጋ ብቻ የሚያነብ ሰው ከነገሩ ዋናውን ክፍል ስቷል። ሐኪም የበሽተኛውን ሥቃይ ስለተረዳ ምርመራው አይበላሽም፤ እንዲያውም የት እንደሚያመው ይጠይቀዋል። ረሃብን በዓይናችን ያየን እኛ ይህን ለማስተዋል ብዙ አስረጂ አያሻንም። የአየርላንድ ጳጳሳት በ1973 ያቋቋሙት፣ በአገራችንም የሠራው የእርዳታ ድርጅት ስሙ «ትሮከሬ» ነው፤ በአይሪሽ ቋንቋ ምሕረት ማለት ነው። በትክክል የታወሰ ሐዘን ለሌላው ሐዘን በር ይከፍታል።

ፍቅር ያለበት ዕውቀት ሌላም ምልክት አለው፤ ይኸውም ትሕትና ነው። የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ የነበረው ሮቢን ፍላወር ከ1910 ጀምሮ ታላቁ ብላስኬት ወደምትባል ትንሽ የአየርላንድ ደሴት እየተመላለሰ ቋንቋውን የተማረው ቶማስ ኦክሮሃን ከተባለ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሊቁ ተማሪ፣ ዓሣ አጥማጁ መምህር ሆኑ። ኦክሮሃን የገዛ ሕይወቱን ታሪክ በ1929 ሲያሳትም ፍላወር በ1934 ወደ እንግሊዝኛ መለሰለት። የደሴቱ ሰዎች ፍላወርን በቋንቋቸው «ትንሽ አበባ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ በ1946 በሞተ ጊዜም አመዱ በደሴቲቱ ላይ ተበተነ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1953 ደሴቲቱን ለቀዋል፤ ድምፃቸው ግን አልጠፋም።

ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ነው፤ ይኸውም እኛን በሚነካ ጊዜም እውነትን መቀበል ነው። በአየርላንድ በገዳማውያንና በገዳማውያት ይተዳደሩ በነበሩ ተቋማት በሕፃናት ላይ የተፈጸመው ግፍ፣ በሕግ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ሪፖርት በሰፊው ተገልጧል። ከዚያ አስቀድሞ በ2007 ፕሮፌሰር ጄምስ ስሚዝ በማግዳሌና ስም በሚጠሩ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ ይሠሩ ስለነበሩ ሴቶች መጽሐፍ አሳትመዋል። ጸሐፊው በኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ በቦስተን ኮሌጅ መምህር ነበሩ፤ መጽሐፉን ያወጣውም ካቶሊካዊው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ጥናት የቤተ ክርስቲያን ጠላት ሥራ ነው ብሎ መሸሽ ቀላል ነው። ነገር ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2010 ለአየርላንድ ካቶሊካውያን በጻፉት መልእክት ጥፋቱን በግልጽ አውግዘዋል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2018 በአየርላንድ ባደረጉት ጉብኝት ይቅርታ ለምነዋል። ንስሐ ከኑዛዜ፣ ኑዛዜም ከማወቅ ይጀምራል። የተበደሉትን ድምፅ ከመዝገብ ፈልጎ የሚያወጣ ተመራማሪ ሳያውቀውም ቢሆን ለንስሓችን መንገድ ይጠርጋል።

ባለቤቱ የናቀውን ግን እንግዳ ብቻውን ሊያድነው አይችልም። አየርላንዳውያን ካቶሊካውያን በሚጨቈኑበት ዘመን በ1607 በሉቨን ከተማ የተመሠረተው የፍራንቸስካውያን ኮሌጅ ሚሆል ኦ ክሌሪ የተባለውን ወንድም ወደ አገሩ ልኮ የጥንት መጻሕፍትን አስገልብጧል፤ እርሱና ጓደኞቹ ከ1632 እስከ 1636 ባለው ጊዜ ታላቁን ዜና መዋዕል ጽፈው ፈጽመዋል። ከ1937 እስከ 1939 ደግሞ ከ50,000 የሚበልጡ የአየርላንድ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሰሙትን ተረት፣ ጸሎትና የአካባቢ ታሪክ በደብተር ጽፈው አስቀምጠዋል። በእኛም አገር አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው ቋንቋችንን ባያስተምሩት ኖሮ የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት እንዲያ ባልተጀመረ ነበር።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄያችን እንመልስ። ስለ ሌላ ሕዝብ መማር በራሱ ፍቅር አይደለም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ፍቅራችን ዕውር ይሆናል። እውነትን ሲጠብቅ፣ በሐዘን ላይ ሳይቀዘቅዝ፣ በትሕትና ሲማርና በራሱ ላይ የሚፈርደውንም ሲቀበል የፍቅር ሥራ ይሆናል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልጋቸውም። በቁምስናችን ከእኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ቤተሰብ ካለ ጸሎቱን እንዴት እንደሚጸልይ እንጠይቀው፤ ሕፃናቱም ከሽማግሌዎቹ የሰሙትን በደብተራቸው ይጻፉ። መልሱን ጸጥ ብለን በምንሰማበት ሰዓት ባልንጀራችንን መውደድ ጀምረናል።