ሳታመኻኝ ብላኝ፦ ስለ ወረራ መንሥኤና ማጽደቂያ

ጅብ ከወንዙ ራስጌ፣ አህያ ከግርጌ ሆነው ውኃ ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» አላት ይላል ተረቱ። የአህያዪቱ መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ»። ተረቱን የምንጠቅሰው ዘወትር ከአህያዪቱ ወገን ቆመን ነው። በጅቡ በኩል ያለውን ጥያቄ ግን እምብዛም አናነሣውም። ጉልበት ካለው፣ ረኀብም ካለው፣ ማመኻኛ ለምን አስፈለገው?

አገር ሲዘምት ለብቻው አይዘምትም። የሚሞት ወታደር፣ ልጁን የሚሰጥ ወላጅ፣ ዳር ቆሞ የሚታዘብ ጎረቤት አለ። እነዚህን ሁሉ በረኀብና በጉልበት ስም ማሳመን አይቻልም። ስለዚህ ማንኛውም ወረራ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይነሣል፤ ጦሩን ያንቀሳቀሰው መንሥኤና ጦሩ ሲንቀሳቀስ የሚነገረው ማጽደቂያ። ሁለቱን ለይቶ መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በስሙ ጦርነት የሚታወጅለት ሰው ሁሉ ግዴታ ነው። ለዚህ ምርመራ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያና በኢትዮጵያ መካከል ከተደረገው ጦርነት የቀረበ ምሳሌ የለንም።

በመጀመሪያ ማጽደቂያውን በጠንካራ ጎኑ እንየው። በ1889 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ስለ ድንበር ሲዋዋሉ፣ መስመሩ የሚያቋርጠው የግመል አርቢ አልተጠየቀም። ተዋዋዮቹ ራሳቸው ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ በወዲህም ሆነ በወዲያ ያሉ ጎሣዎች የግጦሹን መሬትና የውኃ ጉድጓዱን ድንበር ተሻግረው እንዲጠቀሙ ፈቅደዋልና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ሶማሊኛ ተናጋሪውን ምድር በአንድ ሞግዚትነት ሥር ለማዋል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ከሸፈ። ኦጋዴንና ሐውድም ከ1940 እስከ 1947 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ። በ1952 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው የሶማሊያ ሪፐብሊክ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያኖረችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አምስት ግዛቶችን ያመለክታል፤ ሁለቱን ይዛለች፤ ጂቡቲን፣ ኦጋዴንንና የኬንያን ሰሜናዊ ወሰን ትሻለች። እንግዲህ የተከፈለ ሕዝብ ነበረ፤ ቅሬታውም የፈጠራ አልነበረም። ይህን ክዶ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ሙግቱን ገና ሳይጀምር ይረታል።

ጥያቄው እውነተኛ ቅሬታ ጦርነትን ያጸድቃል ወይ የሚለው ነው። የሶማሊያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንኳ መልስ ነበረው፤ የሶማሌ ግዛቶችን አንድነት በሕጋዊና በሰላማዊ መንገድ ማራመድን ነው ያዘዘው። ያን ሕገ መንግሥት ያገደው በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ዚያድ ባሬ ነው። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰብስበው በነጻነት ቀን የነበረው ድንበር እንዲከበር ሲወስኑም ሶማሊያ አልተቀበለችውም። የካይሮው ውሳኔ ድንበሮቹ ትክክል ናቸው አላለም። ሁሉም በባዕድ እስክሪብቶ የተጎዳበት አህጉር፣ እያንዳንዱ ቁስሉን በደም ላድን ቢል የሚተርፍ አገር እንደማይኖር መገንዘብ ነበር።

አሁን ወደ መንሥኤው እንመለስ። ከ1952 እስከ 1969 ዓ.ም. የሶማሌ ወንድማማችነት አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። የተለወጠው የኃይል ሚዛን ነው። ሶማሊያ በሐምሌ 1966 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ በታንክና በአውሮፕላን ተደራጅታ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ አብዮቷ ልጆቿን ይበላ ነበር፤ ደርግ ጄኔራሎቹን ገድሏል፤ በየከተማው የወጣት ሬሳ ይወድቃል፤ በኤርትራ ጦርነቱ ከፍቷል፤ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ምንጭም ደርቋል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ወደቀች።

«ደካማ ወገን መብቱን የሚጠይቀው ዕድል ሲያገኝ ነው፤ ምቹ ጊዜ መምረጥ ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ብርቱ ሙግት ነው፤ ጊዜ መምረጥ ብቻውን አያስኮንንም። ነገር ግን ሁለት ማስረጃዎች ይቀራሉ። አንደኛው ጂቡቲ ናት። ከወረራው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በሰኔ 1969 ዓ.ም.፣ ከኮከቡ ጫፎች አንዷ በሕዝብ ድምፅ ነጻነቷን ይዛ ራሷን የቻለች አገር ሆና ቆመች። መንገዱ ተዘግቶ አልነበረም ማለት ነው፤ መንገዱ የሚያደርሰው ግን ሞቃዲሾ ወደምትፈልገው ቦታ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው የማጽደቂያው መለጠጥ ነው። የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር በኦጋዴን ተወላጆች ዘንድ በእርግጥ ሥር ነበረው። ሞቃዲሾ ግን «ሶማሊ አቦ» የሚል ሌላ ግንባር አቋቁማ በባሌና በሲዳሞ የሚኖረውን ኦሮሞ ጭምር ወደ ዝምድናው ቆጠረችው፤ ጦሩም ድሬዳዋንና ሐረርን ለመያዝ ተዋጋ። ጦሩ በተራመደ ቁጥር ዝምድናው አብሮት የሚሰፋ ከሆነ፣ ማጽደቂያው ጦሩን መምራቱን ትቶ መከተል ጀምሯል።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ጊዜ ነው። ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ስታዘነብል ሶማሊያ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ውሉን ሠረዘች። በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች የተደገፈው የኢትዮጵያ ጦር በየካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራን ተሻግሮ ጅግጅጋን አስመለሰ፤ የዚያድ ባሬ ጦርም ወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ዚያድ ባሬና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። የኮከቡ ጫፍ ለሥልጣን ዕድሜ ተለወጠ። በዚያው ዓመት የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ተነሥተው ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ለወንድም ሲል ድንበር የጣሰ መንግሥት በወንድሙ ቤት ላይ ቦምብ ጣለ። ሁለቱም መሪዎች በ1983 ዓ.ም. ከሥልጣን ተባረሩ።

ይህን ያህል ስለ ጎረቤት መናገር ቀላል ነው። ይበልጥ የሚከብደው የራስን መመርመር ነው። የካራማራው መከላከል ፍትሐዊ ነበር፤ ኦጋዴንን አይቶት የማያውቅ ገበሬ ከየክፍለ ሀገሩ ተነሥቶ ሞቶለታል። ደርግን እየጠሉ አገርን መከላከል ይቻላል ወይ የሚለው የዚያ ትውልድ ጭንቀት በስደት ገበታችን ዙሪያ ዛሬም አልተዘጋም። የእኔ መልስ ይቻላል የሚል ነው፤ የመከላከሉ ጽድቅ ግን ለተከላካዩ መንግሥት አይተላለፍም፤ ከድሉ በኋላ ለሚሠራው ሥራም ስንቅ አይሆነውም። ፈላስፋው ካንት በ1795 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው የዘላለም ሰላም ድርሳኑ፣ መንግሥት እንደ ርስት የሚወረስና የሚሸጥ ንብረት ሳይሆን የሰዎች ማኅበር መሆኑን ያስተምራል። ወራሪውን «ምድሪቱ የእኛ ናት» ብለን ከመለስነው፣ በምድሪቱ ያለው ሰው ምናችን ነው? ወገናችን ነው ካልን ዕዳ አለብን። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. በኦጋዴን የተካሄደው ዘመቻ ያቃጠላቸው መንደሮች፣ ስለ ጅግጅጋው «ጄል ኦጋዴን» በ2010 ዓ.ም. የወጡት የእስረኞች ምስክርነቶች፣ ዕዳው ሳይከፈል ብዙ እንደቆየ ያሳያሉ። የተከላከልነውን ምድር ከነሰዉ ካልተከላከልን፣ ከወራሪው የምንለየው በመስመሩ ወዲህ በመቆማችን ብቻ ይሆናል።

ሌላም ፈተና መጥቷል። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጥያቄ በመንግሥት አንደበት በአደባባይ ይነሣል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር የባሕር መውጫ መሻቷ ነውር የለበትም፤ በድርድር፣ በኪራይ፣ በውል የሚጠየቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመካከላችን «ድሮ የእኛ ነበር»፣ «ሕዝቡም ወንድማችን ነው»፣ «ብዙ ነን፣ መታፈን አንችልም» የሚሉ ድምፆች እየበረቱ ነው። እነዚህን ቃላት ከዚህ ቀደም ሰምተናቸዋል። በ1969 ዓ.ም. በሌላ ቋንቋ፣ ከሞቃዲሾ ሬዲዮ ነበር የሚመጡት። ያኔ ሐሰት ወይም በቂ ያልሆነ ሙግት ብለን ከመለስናቸው፣ በአማርኛ ስለተነገሩ እውነት አይሆኑም። የጂቡቲን ሕዝብ ድምፅ ያከበረ ሚዛን የአሰብን ነዋሪ ድምፅም ሊያከብር ይገባዋል።

ካራማራን የማስታወስ መብት ያለው ያንን ሚዛን በራሱም ላይ የሚያኖር ሰው ነው። በባዕድ አገር ሆነን ለአገራችን የምንልከው ገንዘብና ምክር ብዙ ነው፤ ልጆቻቸውን ለጦርነት የሚሰጡት ግን እዚያው ያሉት እናቶች ናቸው። ስለዚህ ለሌላ ሰው ልጅ ማጽደቂያ ከማዘጋጀታችን በፊት መንሥኤውን እንጠይቅ።