ሀገር እንግዳ ስትቀበል፦ የእግር ኳስ ውድድርና የሕሊና ጥያቄ

እንግዳን መቀበል በእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ወግ ነው። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ማሳደር የባለጸጋም የድሃም ልማድ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ እንግዳን መቀበልና ድግስ መደገስ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እንግዳ የሚቀበል ሰው ዓይኑን በእንግዳው ላይ ያሳርፋል፤ ለታይታ የሚደግስ ግን የሚመለከተው ጎረቤቱ ምን እንደሚል ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በሀገርም ደረጃ ይታያል። አንድ ሀገር ታላቅ የእግር ኳስ ውድድር ላስተናግድ ብሎ ሲነሣም ጥያቄው ይኸው ነው፤ ብዙ ችግረኛ ያለበት ሀገር እንዲህ ያለ ድግስ ሊደግስ ይገባዋልን?

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። የመጀመሪያው በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሲሆን የተካፈሉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በፍጻሜው ኢትዮጵያ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ዋንጫው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ለቡድኑ ተሰጠ። ዕለቱ ጥር 13 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ በዓል ማግሥት ነበር። ሁለተኛው በ1960 ዓ.ም. ስምንት ቡድኖች ተካፍለውበት በአዲስ አበባና ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ ተካሄደ። የፍጻሜው ዕለት በቃና ዘገሊላ በዓል ላይ ዋለ፤ ዋንጫውን ግን ኮንጎ ኪንሻሳ ወሰደች፤ አስተናጋጇ ሀገር አራተኛ ወጣች።

ከእነዚህ ውድድሮች የተገኘውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። የ1954ቱ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ በአስመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። የወረራው ቁስል ገና ባልሻረበት ዘመን፣ ከወራሪው ወገን አባት የነበረው ሰው የኢትዮጵያን መለያ ለብሶ ሕዝቡን አስደሰተ። የአፍሪካ ዋንጫ ራሱም ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ እምቢ በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆናለች። ከዚያም ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን በአፓርታይድ ላይ ጸንተው ቆመዋል። እንግዲህ ኳስ ሰው በቆዳው እንዳይለይ ምስክር ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ስፖርት በተለያየ ደረጃ፣ ሀገርና ዘር ባሉ ሰዎች መካከል የወንድማማችነትን መንፈስ እንደሚያሳድግ አስተምሯል።

ሦስተኛው ውድድር ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በ1968 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ወር አዲስ አበባና ድሬዳዋ ስምንት ቡድኖችን ሲቀበሉ፣ የወሎው ረኃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ ደርግ ሥልጣን ከያዘም ሁለት ዓመት አልሞላም። ጊዜውም ዐቢይ ጾም የገባበት ሰሞን ነበር። ስታዲየሙ በእልልታ ሲሞላ፣ ያን ረኃብ ያየ ሰው ምን ያስብ ነበር? ይህን መጠየቅ ደስታን መጥላት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሕዝቦች ልማት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ብዙዎች እየተራቡ ለሀገር ወይም ለግል ክብር ማሳያ የሚወጣ ወጪ ታላቅ ነውር መሆኑን ያለ ማመቻመች ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ገንዘቡ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?» የሚለው ንግግር በወንጌል ውስጥ የተነገረው በይሁዳ አፍ ነው። በቢታንያ ማርያም ውድ ሽቱ በጌታችን እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ የነቀፋት እርሱ ነበር፤ ጌታችንም ነቀፋውን አልተቀበለም። ስለዚህ ድሃ እስካለ ድረስ በዓል አይኑር ማለት የወንጌል ትምህርት አይደለም፤ ድሃውም ቢሆን በዓል ይናፍቃል። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ሽቱው የራሷ ነበር። ከራሷ ሰጠች እንጂ ከሌላው ኪስ አልወሰደችም። መንግሥት ስታዲየም ሲሠራ ግን የሚያወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የገበሬው ግብር፣ ገና ያልተወለደው ልጅ የሚከፍለው ብድር በውስጡ አለ። ለጋስነት የሚባለው ከራስ ሲሰጥ ነው፤ ከሌላው ለሚሰጥ ሰው ከለጋስነት በፊት የሚፈለግበት ታማኝነት ነው።

ታማኝነት ደግሞ ወጪን ከመቁጠር ይጀምራል። ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ገንዘቡን እንዲያሰላ ጌታችን በምሳሌ አስተምሯል። ኢትዮጵያ በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚወዳደሩበትን የአፍሪካ ሀገሮች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2020 እንድታስተናግድ ተመርጣ ነበር፤ ዝግጅቷ ባለመሟላቱ ግን ዕድሉ ለካሜሩን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. ከ2021 በኋላም ብቁ ስታዲየም በመታጣቱ ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ እንደ ማላዊና ሞሮኮ ባሉ የሰው ሀገሮች አድርጓል። ይህም ሆኖ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ሀገራችን እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ የማስተናገድ ፍላጎቷን ገለጠች። ምኞቱ ነውር የለበትም፤ ስሌቱ ግን ከምኞቱ መቅደም አለበት። አለዚያ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይደርስብናል።

ስሌቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ካሜሩን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ፣ በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ በተፈጠረው መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። የሞቱት ጨዋታ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 በብራዚል፣ ኳስን ከማንም አብልጦ የሚወድ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ፣ ለስታዲየሞቹ የተደረገው ጥንቃቄ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤትም እንዲደረግ ጠይቋል። እነዚያ ሰዎች የኳስ ጠላቶች አልነበሩም፤ በገዛ ቤታቸው ድግስ ከበር ውጭ መቆማቸው ነው የከነከናቸው።

መልካም መስተንግዶ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ሐሮ ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆኗል። በዚያ የአካባቢው ሰዎች እንግዳውን በፈረስ ቁልቁለቱን አውርደው፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ደሴት ሲያሻግሩ ኖረዋል። እንግዳው ሲሄድ ባለፈረሱም ባለጀልባውም የድካሙን ዋጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሐይቁም በስፍራው ይቀራል። ታላቁንም ድግስ በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ወጪውን የከፈለው ሰው ከማዕዱ ተቋድሷልን? እንግዳው ከሄደ በኋላስ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ፣ ሕዝቡ የሚሄድበት መንገድ ቀርቷልን? ቦታው ሲጸዳ ከቤቱ የተነሣ፣ ከገበያው የተባረረ ድሃ ቢኖር ተገቢ ካሳ አግኝቷልን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያልፍ ውድድር እንግዳ መቀበል ነው፤ የማያልፍ ግን ዋንጫው በእጅ ቢቀርም ከታይታ አይለይም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ነገር ከወጣቶች ጋር ቢወያዩበት መልካም ነው፤ ወጣቱ ኳስን ይወዳልና ጥያቄው ይገባዋል። ከዚያም ወደ ቤታችን እንመልሰው። ለሠርግና ለተዝካር ተበድረን፣ የልጆቻችንን የትምህርት ቤት ወጪ ለድግስ የምናውል ብዙዎች ነንና፣ መንግሥትን የምንጠይቀውን ራሳችንንም እንጠይቅ። በቃና ሠርግ እመቤታችን ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጣ፣ ሌላው ሳያስተውል የጎደለውን አየች፤ ደጋሾቹም ከኀፍረት ዳኑ። ሀገርም ቤተሰብም ሲደግስ እንዲህ የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል። በጭብጨባው መካከል የጎደለውን አይቶ በጊዜው የሚናገር ሰው ሲነሣ «ደስታችንን አበላሸ» ብለን አንገፋው፤ ድግሱን ከኀፍረት የሚያድነው እርሱ ሊሆን ይችላልና።