«ያውቃል» እና «ያውቅበታል»

በሥራ ላይ ላሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የሚሰጥ አጭርና ጥብቅ የፕሮግራሚንግ ሥልጠና አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ሥራውን የሚችል ሰው ስለዚያው ሥራ ምን ይማራል? የጀማሪው ነገር ግልጽ ነው፤ የሌለውን ይቀበላል። ዐሥር ዓመት ኮድ ሲጽፍ የኖረ፣ እንጀራው የሆነለት ሰው ግን ከጠረጴዛው ተነሥቶ የተማሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚጨመርለት መናገር ይከብዳል። አዲስ መሣሪያ ከሆነ መመሪያውን አንብቦ ይደርስበታል። ከመሣሪያ ያለፈ ነገር አለ ከተባለ ደግሞ፣ ያ ነገር በጥቂት ቀን የሚሰጥ ዓይነት መሆኑ መታየት አለበት።

አማርኛ የጥያቄውን መግቢያ በአንዲት ቅጥያ ይዞታል። «ያውቃል» የተባለለት ሰው ስለ ነገሩ ተጠይቆ ይመልሳል። «ያውቅበታል» የተባለለት ግን እጁ ሲገባበት ሥራው ይሰምራል። ጠጅ መጣል የምታውቅበት ሴት የጌሾው መጠን ስንት እንደሆነ ብትጠየቅ «በዓይኔ ነው» ብላ ልታልፍ ትችላለች፤ አለማወቅ አይደለም፣ ጠጁ ምስክር ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ኮንሰፕት ኦፍ ማይንድ» በተሰኘ መጽሐፉ ሁለተኛው ዓይነት ዕውቀት ወደ መጀመሪያው ተመንዝሮ እንደማያልቅ ተከራክሯል። ክርክሩ አጭር ነው። በብልሃት የሚሠራ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ደንብ በማሰብ የሚመራ ቢሆን፣ ደንቡን በቦታው ማዋል ራሱ ብልሃት ይጠይቃልና ሌላ ደንብ ያስፈልገዋል፤ ያኛውም ሌላ። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ሥራ መጀመር ባልቻለ ነበር።

ትምህርት ቤት ባብዛኛው የሚደክመው የሚያውቅ ሰው እንዲያውቅበት ለማድረግ ነው። የባለሙያ ሥልጠና መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው ያውቅበታል፤ አሁን የሚጠየቀው እንዲያውቀው ነው።

ይህን በቅርብ ለማየት የሚያስችል ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1986 ሃል አቤልሰንና ጄራልድ ጄይ ሰስማን የተባሉ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ለሒውሌት ፓካርድ ኩባንያ ሠራተኞች በፕሮግራሚንግ ላይ ትምህርት ሰጥተው፣ ኩባንያው በ20 ክፍል ቀርጾታል። መሠረቱ ሁለቱ ከጁሊ ሰስማን ጋር በ1985 ያሳተሙት ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አወቃቀርና አተረጓጎም የሚናገር መጽሐፍ ነው። በተቋሙ ውስጥ ይኸው ትምህርት የዘርፉ ተማሪዎች የሚጀምሩበት ኮርስ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ለጀማሪ የተሰናዳ ነገር ለባለሙያ እንደ ከፍተኛ ትምህርት ከቀረበ፣ ከፍታው ከይዘቱ ብቻ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከፊሉ ሰሚው ይዞት የመጣው ነው።

አቤልሰን የመጀመሪያውን ክፍል የሚከፍተው «የኮምፒዩተር ሳይንስ» የሚለውን ስም በመንቀፍ ነው፦ ሳይንስ አይደለም፣ ስለ ኮምፒዩተርም አይደለም። ማስረጃ አድርጎ የሚያነሣው ጂኦሜትሪን ነው። የቃሉ ትርጉም መሬት መለካት ነው፤ የጥንት ግብፃውያን መሬታቸውን ሲለኩ ዕውቀቱ የመለኪያ መሣሪያው ዕውቀት ይመስል ነበር። ዛሬ ማንም ጂኦሜትሪ ስለ መለኪያ ገመድ ነው አይልም። ጂኦሜትሪ «እውነቱ ምንድን ነው» የሚለውን በሥርዓት መናገር እንዳስቻለ ሁሉ፣ ፕሮግራሚንግ ደግሞ «እንዴት ይደረጋል» የሚለውን በሥርዓት መናገር አስችሏል።

ወዲያው የሚሰጠው ምሳሌ የካሬ ሥር ነው። የ2 ካሬ ሥር ማለት በራሱ ሲባዛ 2 የሚሆን አዎንታዊ ቁጥር ነው። ትርጉሙ ፍጹም ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ለማግኘት ግን አንድ እርምጃ አያራምድም። የእስክንድርያው ሄሮን ስም የሚነሣበት ዘዴ ግን ያራምዳል፦ ይገመት፤ 2 ለግምቱ ይካፈል፤ የግምቱና የድርሻው አማካይ አዲስ ግምት ይሁን። ከ1 ሲነሡ 1.5 ይገኛል፤ ቀጥሎ 1.4167 ገደማ፤ በሦስተኛው ዙር 1.414216 ገደማ፣ ይህም በራሱ ቢባዛ ከ2 የሚበልጠው በሚሊዮንኛ ቤት በሚቆጠር ልዩነት ነው። ከሰሚዎቹ መካከል ዘዴውን ኮድ አድርጎ መጻፍ የሚሳነው የለም። አዲሱ ነገር «እንዴት» የሚለው ራሱ ሊታይ፣ ሊሰየም፣ ከሌላ «እንዴት» ጋር ሊጋጠም የሚችል ነገር መሆኑ ነው። ጥቂት ክፍሎች ቆይቶ፣ «ግምትን እያሻሻሉ እስኪረጋ መድገም» የሚለው ሐሳብ ከካሬ ሥሩ ተነጥሎ ይወጣና በራሱ የቆመ ፕሮግራም ይሆናል፤ የካሬ ሥሩ ከብዙ ልጆቹ አንዱ ሆኖ ይቀራል።

የካሬ ሥር የትምህርትን ምንነት ለመመርመር ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፕላቶ «ሜኖ» ውስጥ ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ ብላቴና አገልጋይ ጠርቶ መሬት ላይ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ይሥልለታል። ስፋቱ 4 ነው፤ እጥፍ ስፋት ያለው ካሬ ጎኑ ስንት ይሆናል? ልጁ ሳያመነታ 4 ይላል፤ ሲታይ ስፋቱ 16 ሆነ። 3 ይላል፤ ስፋቱ 9 ሆነ። አላውቅም ይላል። እዚያ ላይ ሶቅራጥስ አብሮት ለሚወያየው ለሜኖ የሚያሳየው ልጁ ወደ ኋላ እንዳልተመለሰ ነው፤ ቀድሞ አውቃለሁ ይል የነበረው አሁን አለማወቁን አወቀ። ከዚያ በጥያቄ ብቻ እየተመራ መልሱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የተሠመረው መሥመር መሆኑን ይደርስበታል። የዚያ መሥመር ርዝመት የ2 ካሬ ሥር እጥፍ ነው፤ ልጁ ያገኘው «ምንድን ነው»ን ነው፣ ሄሮን ያቀረበው «እንዴት ይቆጠራል»ን።

ትዕይንቱ የተዘጋጀው ሜኖ ላነሣው እንቆቅልሽ መልስ እንዲሆን ነው፦ ሰው የሚያውቀውን አይፈልገውም፤ የማያውቀውንም ቢያገኘው አይለየውም፤ ስለዚህ መማር የሚባል ነገር የለም። የፕላቶ መልስ ሃይማኖታዊ ነው። ነፍስ ከመወለዷ በፊት ሁሉን አይታለች፤ መማር ማስታወስ ነው። ነፍስ ከሥጋ በፊት ኖራለች የሚለውን የማይቀበል አንባቢ ይህን መልስ ይተወዋል። ስለ ባለሙያው ግን መልሱ ያለ ምሥጢር ይሠራል። ባለሙያው የቀደመ ሕይወት በእርግጥ አለው፤ በሥራ ያሳለፋቸው ዓመታት ናቸው። ሥልጠናው የሚቆፍረው እዚያ ነው።

ለዚህም የሒውሌት ፓካርዱ ትምህርት ያደረገው ደፋር ነገር አለ። ፕሮግራመር በየመሥመሩ የሚጠቀምበትን አንድ መሣሪያ፣ ማለትም ስም የያዘውን ዋጋ ለውጦ ሌላ መስጠትን፣ ትምህርቱ እስከ ዘጠነኛው ክፍል ድረስ ከእጁ ይነጥቀዋል። ያለዚያም ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ስምንት ክፍል ሙሉ ይሠራል። መሣሪያው ሲመለስ ግን ይዞት የመጣው ሁሉ ይታያል። መጽሐፉ የሚያቀርበው ምሳሌ የባንክ ሒሳብ ነው። ጴጥሮስና ጳውሎስ እያንዳንዳቸው 100 ያለበት ሒሳብ አላቸው እንበል፤ ወይም ደግሞ ሁለቱም 100 ያለበት አንድ የጋራ ሒሳብ አላቸው። ማንም ገንዘብ እስካላወጣ ድረስ ሁለቱን ሁኔታዎች የሚለይ ጥያቄ የለም፤ በየትኛውም ብንጠይቅ መልሱ 100 ነው። ጴጥሮስ 10 ሲያወጣና የጳውሎስ ሒሳብ 90 ሲሆን ነው አንድ መሆናቸው የሚታወቀው። እንግዲህ «አንድ ነው» ማለት ከለውጥ ተለይቶ ትርጉም የለውም፤ ለውጥም «ያው ነገር ነው የተለወጠው» ካልተባለ ትርጉም የለውም። ፈላስፎች ስለ ወንዝና ስለ መርከብ «ተለውጦም ያው ነው ወይ?» እያሉ ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ በጥቂት መሥመር ኮድ ውስጥ ተቀምጧል።

በሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ችግር ያውቅበታል። አንድ ዝርዝር እዚህ ሲለውጥ ሳያስበው እዚያ ተለውጦበት ሌሊት አድሯል፤ «መጀመሪያ ኮፒ አድርገው» የሚለውን መድኃኒትም ይዟል። መድኃኒቱ ትክክል ነው። ግን ለምን ትክክል እንደሆነ ስላላወቀ፣ መልኩን በለወጠ በሌላ ቦታ ሲመጣበት አይለየውም። ሶቅራጥስ በዚያው ውይይት መጨረሻ አካባቢ ስለ ትክክለኛ ግምት የሚለው ይህንኑ ነው። ወደ ላሪሳ የሚወስደውን መንገድ በትክክል የገመተ ሰው ከሚያውቀው እኩል ይደርሳል። ልዩነቱ ግምት በአፈ ታሪክ እንደሚነገሩት የዴዳለስ ሐውልቶች መሆኑ ነው፤ ካልታሰሩ ሸሽተው ይሄዳሉ፤ የሚያስራቸውም ምክንያትን ማወቅ ነው። የባለሙያው ልምድ በእንዲህ ያሉ ሐውልቶች የተሞላ ግቢ ነው። ጥሩ ሥልጠና አዲስ ሐውልት አያመጣም፤ ገመድ ይዞ ይመጣል።

ገመዱ የማይደርስበት ቦታ አለ። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ እንደሚለው ወጣት በጂኦሜትሪ ሊራቀቅ ይችላል፣ በኑሮ ፍርድ ግን አስተዋይ አይሆንም፤ ፍርድ የየአንዳንዱን ነገር ልምድ ይፈልጋል፣ ልምድም ዘመን ይፈልጋል። በፕሮግራሚንግም የጂኦሜትሪው ክፍል በጥቂት ቀን ይሰጣል። ይህን ሥርዓት እንዲህ መክፈል ይሻላል፣ ይህ ጥንቃቄ ለዚህ ደንበኛ ይበዛል የሚለው ፍርድ ግን አይሰጥም። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ከዚህም አርቆታል። ራይልን መሠረት አድርጎ፣ ፕሮግራም መሥራት ማለት በሠሪዎቹ አእምሮ ንድፈ ሐሳብ መገንባት እንደሆነ፣ ያም በሰነድ እንደማይተላለፍ፣ አዲስ ሰው የሚያገኘው ከሚያውቁት ጋር ተቀራርቦ በመሥራት እንደሆነ ይከራከራል። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ለመረዳት ናውርን ማንበብ አያስፈልገውም። ሰዋስዉን ተምሮ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤት መወድስ የሚያደርሰው ይህ ዕርማት ነው፤ ማንም በሳምንት ጨርሻለሁ አይልም።

ስለዚህ የአጭር ሥልጠና ማብቂያ ምን እንደሚመስል በትክክል መናገር ይቻላል። ሶቅራጥስ ብላቴናው ትክክለኛውን መሥመር ካገኘ በኋላም ዐወቀ አይልም። አሁን እነዚህ ግምቶች እንደ ሕልም ተቀስቅሰውበታል፤ ይኸው ነገር ብዙ ጊዜ፣ በብዙ መንገድ ቢጠየቅ ነው ከማንም ባልተናነሰ የሚያውቀው ይላል። ሠልጣኙም ወደ ሥራው የሚመለሰው እዚህ ላይ ሆኖ ነው፤ በብዙ መንገድ የሚጠይቀው ሰኞ የሚጠብቀው ኮድ ነው። የ1986ቱ ቅጂዎች ዛሬ በነፃ ይታያሉ፤ ሰሌዳው፣ ንግግሩ፣ በየመካከሉ ሠራተኞቹ የሚያነሡት ጥያቄ ሁሉ አለ። ተመልካቹ መምህሩን እንደፈለገ ሊያቆመውና ሊያስደግመው ይችላል። መምህሩ ግን ተመልካቹን አቁሞ «ጎኑ ስንት ይሆናል?» አይለውም።