መስማት የተሳነው ማን ነው?

በቋንቋችን «መስማት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የጆሮ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የልቡና ነው። አንድ ሰው ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ያውቅ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ስንሻ «ይሰማል ወይ?» እንላለን። ጆሮው የማይሰማውን ሰው ግን የቀደሙት «ደንቆሮ» ብለው ጠሩት፤ «ድንቁርና»ም ከዚያው ወገን ሆኖ አለማወቅና አለመማር ማለት ሆነ። እንግዲህ ጆሮው ሳይከፈት የተወለደ ሕፃን ገና ፊደል ሳይቆጥር ቋንቋችን አላዋቂ ነህ ብሎ ፈርዶበታል ማለት ነው። ዛሬ ጨዋ ሰው «መስማት የተሳነው» ይላል። ስድቡ ቀርቷል፤ ፍርዱ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን መጠየቅ ይገባል፤ አዲሱም ስያሜ የሚነግረን ሰውዬው ያጣውን እንጂ ያለውን አይደለምና።

ያለውስ ምንድር ነው? ይህን ለማወቅ በመሻት፣ መስማት ስለ ተሳናቸው ሰዎች የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍትን ተራ በተራ ተመልክቻለሁ። ሁሉም በአሜሪካ የታተሙ ስለ ሆኑ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለአንባብያን ላስተዋውቅ የምወድደው ኖራ ኤለን ግሮስ የተባለች የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ በ1985 ያሳተመችውን ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እዚህ ሁሉም ሰው በምልክት ቋንቋ ይነጋገር ነበር» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ባለችው በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ አገር፣ ከኬንት የፈለሱ ቤተ ሰቦች በዚያ ሰፈሩ፤ በዘር የሚተላለፍ አለመስማትም አብሮአቸው ተሻገረ። ደሴቲቱ ከየብስ የተለየች፣ ጋብቻውም በጠባብ ወገን መካከል ስለ ነበረ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በመላው አሜሪካ ከ5,728 ሰዎች አንዱ መስማት የተሳነው ሆኖ ሲወለድ በደሴቲቱ ከ155 አንዱ፣ ቺልማርክ በተባለችው መንደርዋ ደግሞ ከ25 አንዱ እንዲሁ ይወለድ ነበር።

የደሴቲቱ ሰዎች ምን አደረጉ? ሰሚዎቹም ምልክቱን ከልጅነታቸው ጀምረው ተማሩት፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ወደ ጀልባ በእጃቸው ይነጋገሩ ነበር። የሚሰሙት እንኳ በመካከላቸው ጆሮው የማይሰማ ሰው ሳይኖር በምልክት ይጨዋወቱ ነበር፤ ልጆች ከመምህሩ ተሰውረው፣ ዐዋቂዎችም (ይቅር ይበላቸውና) በስብከት ሰዓት እንዲሁ ያደርጉ ነበር። መስማት የተሳናቸው ሰሚዎችን ያገባሉ፣ ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በመንደሩ ሹመት ይመረጣሉ። ጸሐፊዋ ሽማግሌዎችን እየዞረች ስትጠይቅ፣ ስለ አንድ ጎረቤታቸው መጀመሪያ የሚነግሩአት ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበረ ነው፤ አለመስማቱ ትዝ የሚላቸው ስትጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ዘር መስማት ሳይችል የተወለደው የመጨረሻው ሰው ያረፈው በ1952 ነው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። የቺልማርኩ ሰው ጆሮ በሌላ አገር ካለው መስማት ከተሳነው ሰው ጆሮ አልተሻለም። የተለየው የጎረቤቱ እጅ ነው። ታዲያ ጉድለት የምንለው ነገር የሚገኘው በማን ዘንድ ነው? ርግጥ ነው፣ ግሮስ ራስዋ ሰሚ ናት፤ የሰበሰበችውም የጎረቤቶችን ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ያለፈውን ዘመን ማሳመር ይወድዳል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ማሳመር የፈለጉት ነገር ራሱ ብዙ ይናገራል።

በ1988 ስለ አሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል የጻፉት ካሮል ፓደንና ቶም ሃምፍሪስ ግን ራሳቸው ከዚያ ወገን ናቸው፤ ልዩነቱም ወዲያው ይታወቃል። ከሚተርኩት አንዱ የአንድ ሕፃን ነገር ነው። ቤተ ሰቡ በሙሉ የማይሰማና በምልክት የሚነጋገር ስለ ነበረ ልጁ ሌላ ዓይነት ቤት ያለ አይመስለውም። ከጎረቤት ያለች አንዲት ልጅ ወዳጁ ሆነች፤ ሆኖም በእጅዋ መናገር አልቻለችም፤ ሲያናግራት ግራ ይገባታል። ምን ሆና ነው? ብሎ እናቱን ጠየቀ። እናቱም ልጅቱ «ሰሚ» መሆንዋን ነገረችው። በዚያ ቤት ማብራሪያ ያስፈለገው ለመስማት ነበር። በቋንቋቸውም ይኸው ይታያል። እኛ «ጆሮው በጣም ይከብደዋል» ስንል ብዙም አይሰማም ማለታችን ነው። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ግን እንዲሁ ያለው አነጋገር ብዙ የሚሰማ፣ ወደ ሰሚዎች በጣም የቀረበ ሰው ማለት ይሆናል፤ መለኪያው ከሌላው ጫፍ ይጀምራልና። ይህም ቋንቋ የራሱ ሥርዐትና አገባብ ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ዊልያም ስቶኪ ከ1960 ጀምሮ አስረድቷል፤ ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ ራሳቸው የእጅ ማወዛወዝ አድርገው ይቈጥሩት ነበር።

ወደ ከባዱ ነገር ልለፍ። በመስከረም 1880 መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች በጣልያን አገር በሚላኖ ከተማ ጉባኤ አደረጉ። ከ164ቱ ልዑካን መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ጉባኤው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ይወገድ ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው መምህራን ከየትምህርት ቤቱ ወጡ፤ ልጆችም በእጃቸው ሲነጋገሩ ሲገኙ እጃቸው ይመታ ነበር። ውሳኔውን ያሳለፉት ጨካኞች አልነበሩም፤ ልጆቹ እንደ እኛ ይሁኑ ብለው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ጉባኤው በተራው በ2010 በቫንኩቨር ሲሰበሰብ በዚያ ውሳኔ ማዘኑን በይፋ ገለጠ፤ 130 ዓመት አልፎ።

ሃርላን ሌን በ1984 ያሳተመው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍም በዚህ ረገድ ያሳስባል። ሌን ሰሚ ሲሆን የጻፈው ግን «እኔ» እያለ፣ ራሱን በሎራን ክሌርክ ቦታ አድርጎ ነው። ክሌርክ በ1816 ከቶማስ ጋላውዴት ጋር ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በመርከብ ላይ ምልክት እያስተማረ እንግሊዝኛ እየተማረ፣ በ1817 በሃርትፎርድ የተከፈተውን ትምህርት ቤት ያቋቋመ መስማት የተሳነው መምህር ነው። ሌን ይህን ያደረገው ከፍቅር እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ሚላኖ ስለ እነርሱ ያለ እነርሱ ተናገረች፤ ሌን ደግሞ በእነርሱ አፍ ተናገረ። ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ድርጊቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ደግሞም የምልክት ቋንቋ የሚኖረው በእጅና በፊት እንጂ በወረቀት አይደለም። በመጻሕፍት ብቻ ያወቀው ሰው ቅኔን በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ እንደሚያውቅ ሰው ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ በ1864 የተመሠረተው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በመጋቢት 1988 ቦርዱ አሁንም ሰሚ ፕሬዝዳንት በመሾሙ ተማሪዎቹ በሩን ዘግተው አደባባይ ወጡ፤ በሳምንቱም ኪንግ ጆርደን መስማት ከተሳናቸው መካከል የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነ። ተማሪዎቹ የጠየቁት ምጽዋት አልነበረም።

በስደት ለምንኖር ይህ ሁሉ ሩቅ ሊሆንብን አይገባም። የሰው አገር ቋንቋ ሳንሰማ በየቢሮው በቆምንበት ጊዜ ሰዎች ቀስ ብለውና ጮኸው እንደ ሕፃን ያነጋገሩን አለን። ማታ ግን ወደ ቤታችን ገብተን በአማርኛ ሰው ሆነን እናድራለን። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከዐሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት ከሚሰሙ ወላጆች የሚወለዱ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ምልክት ካልተማሩ እነዚያ ልጆች ማታ የሚገቡበት ቋንቋ የላቸውም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ወላጅ ልጁ መዝሙር እንዲሰማ፣ «እማዬ» እንዲል ቢመኝ ኃጢአት ነውን? አይደለም። በጆሮ ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚተከለው መሣሪያ በአሜሪካ ለሕፃናት ከተፈቀደ ከ1990 ወዲህ ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ያስተከለውን ወላጅ የሚወቅስ ልብ የለኝም። የምቃወመው፣ ምልክት ካየ ንግግር ይበላሽበታል እየተባለ ልጁ ከሁለቱም ቋንቋ ውጭ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዲያሳልፍ ማድረግን ነው። መሣሪያው ማታ ሲወልቅ ልጁ አይሰማም፤ ያኔ በምን ያናግሩታል?

ጌታም ቢሆን ጆሮ ከፈተ እንጂ ምልክት አላስተማረም የሚል ይኖራል። በማርቆስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ቀስ ብሎ ማንበብ ይበጃል። ሰውዬውን ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮው አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ፤ ቃሉን የተናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በፊት ያደረገው ሁሉ ያ ሰው በዓይኑ የሚያየውና በሰውነቱ የሚያውቀው ነበር። ጆሮ የመክፈት ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም፤ የመጀመሪያውን ክፍል ግን ማንኛችንም ልናደርገው እንችላለን።

ቅዳሴያችን ለዓይን ብዙ አለው፤ ዕጣኑ፣ መስቀሉ፣ ስግደቱ፣ የመጋረጃው መከፈትና መዘጋት ያለ ድምፅ ይታያሉ። ስብከቱ ግን ሁሉ በጆሮ ነው። በየአጥቢያችን መስማት የተሳነው ምእመን ካለ ስብከቱ አስቀድሞ ተጽፎ ሊሰጠው ይችላል፤ የአገሩን ምልክት ቋንቋ የተማረ ወጣት ከተገኘም ቆሞ የሚተረጕምበት ቦታ ፊት ለፊት፣ እጁና ፊቱ በደንብ የሚበራበት መሆን አለበት፤ ከዓምዱ ጀርባ በጧፍ ብርሃን እጅ አይነበብም።