ሣሩ መሣሪያ ነውን?

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ብዙ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ሰሞን፣ የአርባ ምንጭ ወጣት ደም ሊመልስ አደባባይ ወጣ። በከተማዋ በሚኖሩ ኦሮሞዎችና በንብረታቸው ላይ ሊነሣ ነበር። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ የማነሣው ግን ከዚያ ወዲህ «ይህን የሽማግሌዎች ዘዴ ለልማቱም ለጤናውም እንጠቀምበት» የሚባለውን ነገር ነው። ዘዴ? እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሣር እንደሆነ ከጫሞ ዳር እስከ ጨንቻ ሞልቷል። ፖሊስም ነጭቶ መንበርከክ ይችል ነበር፤ ወጣቱ ግን አልፎት በሄደ! ሽማግሌውን አልፎ መሄድ ግን ጎሜ ነው። ጎሜ ደግሞ በጋሞ እምነት አጥፊውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም፣ እህሉንም፣ ልጁንም ይከተላል። በዚያ ላይ እኚያ ሽማግሌ የልጁን አባት ከጎረቤቱ ጋር በዱቡሻ ያስታረቁ፣ ለቅሶውን የደረሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ በሣሩ ውስጥ ስንት ዓመት እንዳለ አስቡት።

ታዲያ ያ ዓመት የሌለውስ? ነገ ተመርቀን ወደ ቦንኬ የምንመደበው እኛስ?

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች ከዚያው ከአካባቢው ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ቤቱን የምታውቅ፣ ቤቱም የሚያውቃት። ይቺ ልጅ ግን ቡና ተጠርታ ስትቀመጥ ዓይኗ ጓሮ ጓሮውን ነው። መጸዳጃው ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም? ወር ሲደርስ ሪፖርት አለባታ! ታዲያ ቡናው ቡና ነው ወይስ ሥራ? ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠር ይላል። ልጅቱን ያዳነቻት «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። ሪፖርት መያዟ ክፋት የለውም። ጉድጓዱ ባይቆፈርም በሚቀጥለው ሳምንት ለቡናው ትመጣለች ወይ? ፈተናው በእኔ ግምት ይኸው ነው። ከቀረች፣ ባለቤቲቱ ምክንያቱ አይጠፋትም።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዝምድናን ስናወድስ አጥሩ የት ላይ እንደሆነ አንጠይቅም። በጋሞ ደጋ በቆየው ልማድ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ አልፊው ማላ ከሚባለው ወገን ጋር አይጋቡም፤ በዱቡሻም እኩል አይቀመጡም ነበር። ባለሙያው «በኅብረተሰቡ በኩል ገባሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ በሽማግሌዎቹ በኩል ገባሁ ማለቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ቤት ቡና የጠጣ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ይቀየሙት ይሆናል። ያልጠጣ እንደሆነስ፣ ኅብረተሰብ የሚለው ማንን ነው? እሷ ሣር ነጭታ መንገድ ላይ ብትንበረከክ ማን ይቆምላታል?