ያልተዘራ ተክል የማን ነው?

ከዝንጅብል ቤተሰብ የሚመደበው ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች፣ በዛፍ ጥላ ሥር በዱርነቱ የሚበቅል ሲሆን፣ አበባውን የሚያወጣው ከቅጠላማው አገዳ ጫፍ ሳይሆን ራይዞም ከሚባለው፣ አፈር ውስጥ አግድም ከሚሄደው ሥር መሰል ግንዱ ነው። ማንም ሳይዘራው የበቀለው ቀይ ፍሬ ሲለቀም የባለቤትነት ጥያቄ ይነሳል፤ ፍጥረት ሁሉ የፈጣሪው ነው የሚለው የሃይማኖት መልስ እውነት ቢሆንም፣ ማን፣ መቼና ምን ያህል ይልቀም ለሚለው አይበቃም።

የተሻለው መልስ የተገኘው ኮረሪማ ፈጽሞ በማይበቅልበት፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በመንዝ ጓሳ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የጋራ መሬትን በተመረጡ አለቆች የመጠበቅ ልማድ፣ አስቦና ጌራ የተባሉ የሁለት አባቶች ተወላጆች ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን፣ በእጅብታ የሚበቅለውን የጓሳ ሣር ከ3 እስከ 5 ዓመት ከማጭድና ከከብት ይከለክሉት፣ ከመሬቱም ዳርቻ ለታቦት ይሰጡ ነበር። ያልዘሩትን መጠበቃቸው ያስመሰግናል፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ የማይወለድ ሰው ድርሻ አልነበረውምና፣ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርስ ያዘነው ሁሉም አልነበረም ማለት ይቻላል።